ማዘርቦርድ የኮምፒዩተርን ፍጥነት ይወስናልን?

ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ተቀምጦ ለፍጻሜው የሚበቃ ገንዘብ እንዳለው ይቈጥር ዘንድ እንደሚገባው ጌታችን በወንጌል በምሳሌ ማስተማሩ በሁላችን ዘንድ የታወቀ ነው። ምሳሌው የተነገረው ስለ ነፍስ ጉዳይ ቢሆንም፣ በዕለት ኑሯችን ውስጥም ጥበቡ ሲያገለግል እናየዋለን። ዳሩ ግን አብዛኛዎቻችን ወጪውን ብንቈጥር ስንኳ መሠረቱን አንመረምርም፤ የምንጨምረውን ነገር እናስባለን እንጂ የምንጨምርበትን ነገር አናይም።

በዛሬው ጊዜ በብዙ ክርስቲያን ቤተሰብ ቤት ኮምፒዩተር ገብቷል። ልጆች ይማሩበታል፤ ይሥሉበታል፤ ይጫወቱበታል። ወላጆች ግን ገንዘቡን ይከፍላሉ እንጂ ስለ ዕቃው የሚያውቁት ከልጆቻቸው አፍ የሰሙትን ብቻ ነው። የተከፈለበት ነገር እንደ ታሰበው ያልሆነ እንደ ሆነ፣ አባት ልጁን፣ ልጅም ነጋዴውን መጠርጠር ይጀምራል። አንዳንድ ጊዜ ግን ጥፋቱ የልጁም የነጋዴውም ሳይሆን፣ በሣጥኑ ውስጥ ተኝቶ ማንም ልብ ያላለው የማዘርቦርድ ነገር ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ማዘርቦርድ የጌም ኮምፒዩተርን ዐቅም ሊወስን ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ጥያቄ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ወደድን። ወደዚህም ያደረሰን በጉለሌ በአንድ ቤት ሲሆን ያየነው ነገር ነው።

በአንድ የሸማኔ ቤት የሆነው

በአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኘው ሽሮ ሜዳ የሸማ ሥራና የሀገር ልብስ ገበያ ስፍራ መሆኑን የማያውቅ የለም። በዚያ ሰፈር በሽመና ሥራ የሚተዳደሩ፣ ልጆቻቸውን በሥርዓት ያሳደጉ አንድ አባት አሉ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በመከታተል ላይ ያለው ወንድ ልጃቸው በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያገለግል፣ በትምህርቱም የሚመሰገን ነው። አባት ከጥቂት ዓመታት በፊት በውጭ አገር በአንድ ቢሮ አገልግሎ የመጣ ኮምፒዩተር ገዝተውለት ነበር። ልጁም የቤት ንድፍ መሣል ይለማመድበታል፤ ከጥናቱም በኋላ ከጓደኞቹ ጋር የእግር ኳስና የመኪና እሽቅድምድም ጌም ይጫወትበታል።

ውሎ አድሮ ኮምፒዩተሩ አዳዲሶቹን ጌሞች መሸከም ተሳነው። ልጁ በአዲሱ ገበያ በሚኖር አንድ ጓደኛው ቤት ያየው ግራፊክስ ካርድ እንዲገዛለት አባቱን ለመነ። ካርዱ ትንሽ ነው፤ ከማዘርቦርዱ ከሚያገኘው ኀይል በቀር ሌላ የኤሌክትሪክ ገመድ አይሻም፤ ለቢሮ ኮምፒዩተርም ይስማማል ተብሎ ተነግሮታል። አባት የልጃቸውን የፈተና ውጤት ካዩ በኋላ እሺ አሉ። ለሁለት ወር ያህል እስከ ማታ እየሠሩ፣ ከነጠላው ሽያጭ ጥቂት በጥቂት እያስቀመጡ ገንዘቡን ሰጡት።

ካርዱ ተገዝቶ ገባ። ሥዕሉ ከበፊቱ አማረ። ነገር ግን ጌሙ መካከል ላይ ሲደርስ ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል፤ ጥቂት ይቆማል፤ እንደ ገና ይነሣል። በጓደኛው ቤት ግን ያው ካርድ ያንኑ ጌም ያለ አንዳች እንከን ያጫውታል። አባት ይህን በሰሙ ጊዜ፣ «አንድ ዕቃ በሁለት ቤት ሁለት ዓይነት አይሆንም። ወይ ነጋዴው አታሎሃል፤ ወይ አንተ ከገንዘቡ ቀንሰህ ርካሹን ገዝተሃል» አሉት። ልጁም፣ «አባባ፣ ደረሰኙ ይኸው፤ አንድ ብር አላነሣሁም» ብሎ ወረቀቱን አቀረበላቸው። አባት ወረቀቱን አልተቀበሉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ማዕድ እየቀረቡ ሳይነጋገሩ የሚነሡ ሆኑ። እናት ነገሩ በዚህ መልክ መቀጠሉ ከገንዘቡ መጥፋት ይልቅ አሳዘናቸው።

የቤተሰቡ የንስሐ አባት ለጠበል ጸዲቅ በመጡበት ዕለት እኛም ከተጠሩት መካከል ነበርን። እናት ጉዳዩን አነሡ። አባትም ልጁም እየተራ ተናገሩ። ካህኑ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ፣ «እኔ የዚህን መኪና ነገር አላውቅም። ነገር ግን ሳይመረምሩ መፍረድ በሰው ላይም በዕቃ ላይም አይገባም። ይህ ካርድ ከዚህ ቤት ወጥቶ በጓደኛው ቤት ይሞከር። እዚያም ከተንቀጠቀጠ ጥፋቱ የካርዱ ነው፤ እዚያ ከሠራ ግን ጥፋቱ ከዚህ ቤት አልወጣም ማለት ነው» አሉ። ይህ ቀላል ፍርድ መላውን ነገር እንደ ፈታው ኋላ እንመለስበታለን። አስቀድሞ ግን በሣጥኑ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደ ሆነ መናገር ያስፈልጋል።

ማዘርቦርድ ሥራው ምንድን ነው?

ጌም በኮምፒዩተር ላይ ሲንቀሳቀስ የሚታየው እንደ ሲኒማ በፍጥነት በሚከታተሉ ሥዕሎች ነው። በሰከንድ 60 ሥዕል እንዲታይ የተፈለገ እንደ ሆነ፣ እያንዳንዱ ሥዕል ከ17 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተሠርቶ ማለቅ አለበት። በዚህች ቅጽበት ፕሮሰሰሩ ኳሱ ወዴት እንደ ሄደ፣ ተጫዋቹ የት እንደ ቆመ ያሰላል፤ ራም ለስሌቱ የሚያስፈልገውን ሁሉ በእጁ ይዞ ያቀብላል፤ ግራፊክስ ካርዱ ሥዕሉን ይሥላል፤ ዲስኩ ደግሞ ሜዳውንና ሕንፃውን ከጎተራው እያወጣ ይልካል። አንዱ የዘገየ እንደ ሆነ ሌሎቹ ሁሉ ቆመው ይጠብቁታል።

ማዘርቦርድ ከእነዚህ ሥራዎች አንዱንም አይሠራም። አያሰላም፤ አይሥልም። እርሱ እነዚህ ሁሉ የሚሰኩበት ሰፊ ሰሌዳ ነው። በላዩ በተሠመሩት ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች መልእክት ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ የኤሌክትሪክ ኀይልም ለየአንዳንዱ በልኩ ተመጥኖ ይከፋፈላል። ስለዚህ ማዘርቦርድ ለኮምፒዩተሩ ከራሱ አውጥቶ የሚጨምርለት ፍጥነት የለውም። ሌሎቹ ግን ያላቸውን ፍጥነት እንዳያወጡ ወሰን ሊያደርግባቸው ይችላል። የጥያቄያችን መልስ በአጭሩ ይህ ነው፤ ወሰኑ በምን በምን በኩል እንደሚመጣ ግን ለይቶ ማወቅ ይገባል።

ወሰን የሚመጣባቸው መንገዶች

አንደኛው ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት ነው። ማንኛውም ማዘርቦርድ የሚቀበለው የታወቁ ፕሮሰሰሮችን ብቻ ነው። የሶኬቱ ቅርጽ አንድ መሆኑ ስንኳ ሁልጊዜ ዋስትና አይሆንም። ኢንቴል በመስከረም 2010 ዓ.ም. ስምንተኛ ትውልድ የተባሉትን የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ሲያወጣ፣ ሶኬታቸው ኤል ጂ ኤ 1151 ተብሎ ከቀደሙት ጋር አንድ ስም ቢኖረውም፣ የቀደሙት ማዘርቦርዶች አዲሶቹን አይቀበሉም ነበር። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ኤ ኤም ዲ ቀጥለው የሚመጡት ራይዘን ፕሮሰሰሮቹ ቢ 450 እና ኤክስ 470 ቺፕሴት ባላቸው ማዘርቦርዶች እንደማይሠሩ ካስታወቀ በኋላ፣ ከገዢዎች በተነሣው ቅሬታ ምክንያት በግንቦት ወር ውሳኔውን ለውጦ እንዲሠሩ ፈቅዷል። ያኔ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ፣ ባዮስ የሚጻፍበት ማኅደር በብዙዎቹ ማዘርቦርዶች ላይ 16 ሜጋባይት ብቻ በመሆኑ የሁሉንም ፕሮሰሰር መረጃ ለመያዝ ይጠባል የሚል ነበር። ባዮስ ማለት ኮምፒዩተሩ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚያነበው የማዘርቦርዱ የገዛ ራሱ መመሪያ ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ዛሬ የተገዛ ማዘርቦርድ ነገ የሚገዛውን ፕሮሰሰር አስቀድሞ እንደሚወስን ነው።

ሁለተኛው የራም ጉዳይ ነው። አብዛኛው የቤትና የቢሮ ኮምፒዩተር ራሙን በሁለት መንገድ ማስተላለፍ ይችላል። በ3200 ፍጥነት የሚሠራ አንድ ዲ ዲ አር 4 ራም ብቻውን ሲሰካ በሰከንድ ቢበዛ 25.6 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ሁለት ሆነው በትክክለኛው ስፍራ ሲሰኩ ግን 51.2 ጊጋባይት ይሆናል። ብዙዎቹ ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች አንድ ራም ብቻ ይዘው ስለሚሸጡ፣ ሁለተኛው መንገድ ባዶውን ይቀመጣል። ከዚህም ሌላ ማዘርቦርዱ የሚፈቅደው የራም ፍጥነት ወሰን አለው፤ ፈጣን ራም ቢሰካበትም በራሱ ወሰን ያስሄደዋል። ወሰኑ ከፍ ያለ በሆነ ማዘርቦርድ ላይም ቢሆን፣ በባዮስ ውስጥ የራሙ ፍጥነት ካልተመረጠ ራሙ ዝቅ ባለ ፍጥነት ይሄዳል። ይህ እንግዲህ ገንዘብ ሳይወጣ በጥቂት ደቂቃ የሚስተካከል ነው።

ሦስተኛው ግራፊክስ ካርዱ የሚሰካበት ስፍራ ነው፤ በሽሮ ሜዳው ቤት የተፈጠረውም ችግር ከዚህ የመነጨ ስለ ሆነ በዝርዝር እንመለከተዋለን። ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ፒ ሲ አይ ኤክስፕረስ ይባላል። ትውልድ ትውልድ አለው፤ እያንዳንዱ ትውልድ ከቀደመው እጥፍ ይፈጥናል። በሦስተኛው ትውልድ አንዱ መስመር በሰከንድ ወደ 1 ጊጋባይት፣ በአራተኛው ወደ 2 ጊጋባይት ያሳልፋል። ታላላቆቹ ካርዶች በ16 መስመር ስለሚገናኙ በሦስተኛው ትውልድ ስንኳ በሰከንድ ወደ 16 ጊጋባይት ያገኛሉ፤ ይህም ለአብዛኛው ጌም ይበቃል። አንዳንድ ርካሽ ካርዶች ግን የተሠሩት በ4 መስመር ብቻ እንዲገናኙ ነው። እንዲህ ያለው ካርድ በአራተኛው ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ 8 ጊጋባይት ሲያገኝ፣ በሦስተኛው ትውልድ ላይ 4 ጊጋባይት ብቻ ያገኛል።

በጥር 2014 ዓ.ም. ገበያ ላይ የዋለው ራዲዮን አር ኤክስ 6500 ኤክስ ቲ የተባለው ካርድ በዚህ ረገድ የታወቀ ምሳሌ ነው። መስመሩ 4፣ የራሱ ማኅደር ደግሞ 4 ጊጋባይት ብቻ ነው። ጌሙ የሚጠይቀው የሥዕል ብዛት ከማኅደሩ በላይ ሲሆን፣ የተረፈው በኮምፒዩተሩ ራም ውስጥ ይቀመጥና በዚያች ጠባብ መንገድ ይመላለሳል። በዚህ ጊዜ በሦስተኛው ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ የካርዱ ፍጥነት በግልጽ እንደሚቀንስ መርማሪዎች አሳይተዋል። ጌሙ በ4 ጊጋባይት ውስጥ የተወሰነ እንደ ሆነ ግን የመንገዱ መጥበብ ያን ያህል አይታወቅም።

እንዲሁም በማዘርቦርዱ ላይ ረጅም ሆኖ የሚታይ መሰኪያ ሁሉ 16 መስመር አለው ማለት አይደለም። በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ሁለተኛው ረጅም መሰኪያ በውስጡ የተዘረጋው 4 መስመር ብቻ ነው። ሳያውቅ ካርዱን በዚያ የሰካ ሰው ሙሉ ዐቅም ያለውን ካርድ በገዛ እጁ ያዘገየዋል።

አራተኛው የኤሌክትሪክ ኀይል ነው። ፓወር ሳፕላዩ ለፕሮሰሰሩ የሚልከው 12 ቮልት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ግን የሚሠራው በ1 ቮልት ገደማ ነው። ይህን የሚቀንሱት በሶኬቱ ዙሪያ የተደረደሩ የማዘርቦርዱ ክፍሎች ናቸው። 100 ዋት የሚወስድ ፕሮሰሰር በ1 ቮልት 100 አምፔር ያህል ይጠይቃልና፣ እነዚህ ክፍሎች በእጅጉ ይግላሉ። ብርቱ ፕሮሰሰር በርካሽ ማዘርቦርድ ላይ ተሰክቶ ለረጅም ጊዜ የሠራ እንደ ሆነ፣ ክፍሎቹ ከልክ በላይ ሲግሉ ማዘርቦርዱ እንዳይቃጠል ፕሮሰሰሩን ዝግ በል ብሎ ያዝዘዋል። ጌሙ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ጥሩ ሄዶ ከዚያ በኋላ የሚዘገይ ከሆነ፣ ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ጉለሌ የራሷ ጠባይ አላት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትርና ከዚያም በላይ ስለ ሆነ፣ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀትን ይዞ የመውጣት ዐቅሙ ያንሳል። ደግነቱ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ቀዝቃዛ በመሆኑ ጉድለቱን በመጠኑ ይሸፍናል። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ፣ በአቧራ ተሸፍኖ፣ ከላዩም የዳንቴል ልብስ ለብሶ የተቀመጠ እንደ ሆነ ቅዝቃዜው አይረዳውም። ለጌጥ ብለን የምናለብሰው ልብስ ለኮምፒዩተር ሸክም መሆኑን እናቶች እንዲያውቁት ያስፈልጋል።

አምስተኛው ዲስኩ ነው። የቆዩ ማዘርቦርዶች የሚቀበሉት ሳታ በተባለው መንገድ የሚሠራውን ዲስክ ብቻ ሲሆን፣ ይህም በሰከንድ ከ600 ሜጋባይት አያልፍም። አዲሶቹ ኤን ቪ ኤም ኢ የተባለውን ፈጣን ዲስክ ይቀበላሉ። ሆኖም ይህ ልዩነት በይበልጥ የሚታየው ጌሙ እስኪከፈት በሚጠበቅበት ጊዜ እንጂ በጨዋታው መካከል ስላልሆነ፣ ብዙ ልንቆይበት አያስፈልግም።

ከወሰን በላይ መክፈል ከንቱ ነው

ይህን ያነበበ ሰው እጅግ ውድ የሆነውን ማዘርቦርድ መግዛት ነው መፍትሔው ብሎ እንዳይደመድም እንሰጋለን። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ሁለት ደኅና ማዘርቦርዶች፣ አንዱ ርካሽ፣ ሁለተኛው ውድ፣ አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር፣ ራምና ካርድ ተሰክቶባቸው በአንድ ዓይነት ሁኔታ ሲሞከሩ፣ በጌም ላይ የሚታየው ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በውዱ ላይ የተከፈለው ብር ለብዙ መሰኪያ፣ ፕሮሰሰሩን ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ ለማስሄድ፣ አንዳንዴም በቀለማት ለሚያብረቀርቅ መብራት የተከፈለ ነው። መብራቱ ጌሙን አያፈጥነውም።

የዋጋውንም ነገር ማሰብ ግዴታችን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የኮምፒዩተር ዕቃ በሙሉ ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ፣ ያለ ዕውቀት የተገዛ አንድ ዕቃ ለአንድ ቤተሰብ የቀለብ ጉዳይ እስከ መሆን ይደርሳል።

ካርዱ ከተሞከረ በኋላ

አሁን ወደ ሽሮ ሜዳው ቤት እንመለስ። ካህኑ እንዳሉት በማግሥቱ ልጁ ካርዱን ነቅሎ ወደ አዲሱ ገበያ ወሰደው። ኮምፒዩተር በመጠገን የሚተዳደር አንድ የሰፈር ወጣትም አብሮ ሄደ። ካርዱ በጓደኛው ኮምፒዩተር ላይ ሲሰካ ጌሙ እንደ ውኃ ፈሰሰ። ስለዚህ ካርዱ ትክክለኛ ነበር፤ ነጋዴው አላታለለም፤ ልጁም አልዋሸም።

ወጣቱ ከዚያ ወደ ሸማኔው ቤት ተመልሶ ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፈተ። ፕሮግራሙ ካርዱ በ4 መስመር፣ በሦስተኛው ትውልድ እንደሚሠራ አሳየ። በጓደኛው ቤት ያለው ማዘርቦርድ ግን አራተኛ ትውልድ ነበር። እንግዲህ አንዱ ካርድ በዚያ ቤት 8፣ በዚህ ቤት 4 ጊጋባይት ያገኝ ነበር ማለት ነው። ወጣቱ ሣጥኑን ሲከፍትም ራሙ አንድ ብቻ ሆኖ፣ ሁለተኛው ስፍራ ባዶ መሆኑ ታየ።

አባት ይህን ሁሉ ቆመው ሲመለከቱ ቆይተው፣ «ይህ ሰሌዳ እንግዲህ የሸማኔ ዕቃ ነው በለኛ!» አሉ። እኛም ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። «ፈትሉ የቱንም ያህል የቀጠነ ቢሆን፣ የሠሪው እጅም የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ ሸማው ከዕቃው ስፋት በላይ አይሰፋም። ነጠላ ሰፊ እንዲሆን የምንፈልግ እንደ ሆነ ሁለቱን አጋጥመን እንሰፋዋለን» ብለው መለሱልን። ወጣቱም ሥቆ፣ «እንግዲያስ እኛም ሁለተኛውን ራም እናጋጥምለታለን» አለ።

እንዳለውም ሆነ። ከመጀመሪያው ጋር የሚመሳሰል ያገለገለ ራም ካርዱ ከወጣበት ዋጋ በጥቂቱ ተገዝቶ ባዶው ስፍራ ተሞላ። ቀጥሎም በጌሙ ውስጥ የሥዕሉ ዝርዝር ከከፍተኛ ወደ መካከለኛ ዝቅ እንዲል ተደረገ፤ ይህም ሥዕሉ በካርዱ 4 ጊጋባይት ውስጥ እንዲወሰንና በጠባቧ መንገድ እንዳይመላለስ ነው። በዚያው ማታ ጌሙ ሳይንቀጠቀጥ ሄደ። ሥዕሉ በጓደኛው ቤት እንዳለው የጠራ አልነበረም፤ ማዘርቦርዱም ያው የቀድሞው ነው። ነገር ግን ልጁ ከዚያ በላይ አልጠየቀም።

ከሁሉ ይልቅ በልባችን የቀረው አባት ለልጃቸው የተናገሩት ቃል ነው። ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ዕቃው ጠባብ ሆኖ ሳለ ፈትሉን ወቀስሁ። ደረሰኙን ሳመጣልህ ባለመቀበሌ ይቅር በለኝ ማለት ይገባኛል» ሊሉ ጀምረው፣ መደናገራቸውን ራሳቸው ሰምተው ሣቁ፤ «ደረሰኙን ስታመጣልኝ አለመቀበሌ ነው ያስቀየመህ፤ ይቅር በለኝ» ብለው አስተካከሉት። ልጁ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። እናትም በዚያን ጊዜ ማዕድ አቀረቡ፤ በዚያ ማታ ሁሉም እየተጫወቱ በሉ።

ለወላጆችና ለልጆች

ከዚህ ታሪክ በመነሣት ለአንባብያን ልናሳስብ የምንወደው ጥቂት ነገር አለ። ልጅ ለኮምፒዩተሩ አዲስ ዕቃ እንዲገዛለት በሚለምንበት ጊዜ ወላጅ አስቀድሞ፣ «የሚሰካበት ማዘርቦርድ ስሙ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ስሙ ብዙ ጊዜ በሰሌዳው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ሲፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራምም ያሳያል። ስሙ ከታወቀ ዘንድ የሠሪው ኩባንያ ባወጣው መመሪያ ውስጥ የትኛውን ፕሮሰሰር እንደሚቀበል፣ ስንት ራም በምን ፍጥነት እንደሚይዝ፣ የካርዱ መሰኪያ ስንተኛ ትውልድ እንደ ሆነና ስንት መስመር እንዳለው ይገኛል። ይህን ፈልጎ በወረቀት ጽፎ ማቅረብ የልጁ ሥራ ይሁን። ልመናውን በማስረጃ የሚያቀርብ ልጅ አባቱን ያኮራል፤ አባትም ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

ከቢሮ የወጣ ኮምፒዩተር የሚገዛ ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ይመልከት። የብዙዎቹ ፓወር ሳፕላይ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው ኩባንያው ለራሱ ባበጀው መሰኪያ በመሆኑ፣ በገበያ በሚገኘው ተራ ፓወር ሳፕላይ በቀላሉ አይለወጥም። የካርዱ መሰኪያ ለካርዱ የሚሰጠው ኀይልም ቢበዛ 75 ዋት ነው፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሳፕላዩ ሌላ ገመድ ይሻል። እነዚህን ሳያዩ ትልቅ ካርድ መግዛት በጠባብ ጓሮ ዝሆን እንደ ማሰር ነው።

ካርዱ ገብቶ ለውጥ ያልታየ እንደ ሆነም፣ ቁጣ ከመምጣቱ በፊት የስክሪኑ ገመድ የተሰካው በአዲሱ ካርድ ላይ ነው ወይስ በማዘርቦርዱ ላይ ብሎ ማየት ይገባል። ገመዱ በማዘርቦርዱ ላይ በመቅረቱ ብቻ አዲስ ካርድ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥበት ጊዜ አለ።

ስለ ጨዋታው ራሱ ብዙ መናገር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። በልኩ ሆኖ ከጸሎት፣ ከጥናትና ከቤት ሥራ በኋላ የሚመጣ ጨዋታ ልጅን አይጎዳውም፤ ልኩን ማበጀት ግን የወላጅ ፋንታ ነው። የሽሮ ሜዳው ልጅም በጾም ወራት ኮምፒዩተሩን ለንድፍ ሥራው ብቻ ሊያውለው ከአባቱ ጋር ተስማምቷል፤ ለዚህም ሥራ ሁለተኛው ራም ጠቅሞታል።

አበው ድስት ጥዶ ከማልቀስ ቀድሞ መጥኖ መደቆስ እንደሚሻል ነግረውናል። በኮምፒዩተርም ነገር መመጠኛው ማዘርቦርዱ ነው። ምን ያህል እንደሚሸከም አስቀድሞ ያወቀ ሰው ለከንቱ አይከፍልም፤ ለከንቱ ያልከፈለ ሰው ደግሞ ሌላውን ለመውቀስ አይቸኩልም። በዚያች የሸማኔ ቤት ጠፍቶ የነበረው ገንዘብ አልነበረም፤ መተማመን ነበር። እርሱም አንድ ቀን በተደረገ ምርመራና በአንዲት የይቅርታ ቃል ተመልሷልና እግዚአብሔር ይመስገን።